ሳይሰሙ ማመስገን፤ ሳይሰሙ መንቀፍ

ባለፈው ወር የማኅበራችን የክርክር ክፍል ያቀረበው ርእስ «ስመ ጥር ሙዚቀኞቻችን ከሚገባቸው በላይ ተመስግነዋል» የሚል ነበር። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ መቀመጫ ያጡት በመስኮት በኩል ቆመው ያዳምጡ ነበር። ርእሱ የሚናገረው ስለ ሙዚቀኞች በጠቅላላው ቢሆንም፣ ክርክሩ ገና ሲጀመር በአንድ ሰው ላይ ዐረፈ። እኒህም ሰው ሙላቱ አስታጥቄ ናቸው። ነገሩ አያስገርምም። በ1943 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተወለዱት በዚህ በጅማ ከተማ ስለ ሆነ፣ ጅማ ላይ ተቀምጦ ስለ ሙዚቃ ሲከራከሩ እርሳቸውን ዘሎ ማለፍ አይቻልም።

ሁለቱም ወገኖች በርትተው ተናገሩ። ጭብጨባ ነበረ፤ ፉጨትም ነበረ። በመጨረሻ እጅ ተቆጥሮ «ከሚገባቸው በላይ ተመስግነዋል» ያለው ወገን በጥቂት ድምፅ አሸነፈ። ጉባኤው ሊበተን ሲል ግን አንዲት እኅታችን ከኋላ ተነሥታ፣ «ከመካከላችን የሙላቱን አንድ ሙሉ ሸክላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሰማ እጁን ያውጣ» አለች። የወጣው እጅ ዐሥራ አንድ ብቻ ነበር። አዳራሹ ዝም አለ። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው እኛም እጃችንን ካላወጡት መካከል ነበርን፤ ከፊላችን ካሸነፈው፣ ከፊላችን ከተሸነፈው ወገን ሆነን በድፍረት ስንፈርድ ያመሸን ሰዎች ነን።

ነገሩ የአንድ ምሽት ጨዋታ ቢሆን ኖሮ አፍረን በተውነው። ነገር ግን በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ማኅበራችን ለባህል ሥራ የተመደበችውን ጥቂት ገንዘብ በምን ላይ እንደሚያውላት በድምፅ ይወስናል። ከቀረቡት ሁለት ሐሳቦች አንዱ የሙላቱን ትልቅ ሥዕል በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ማሳል ነው። ስለዚህ ሰውየው ከመጠን በላይ ተመስግነዋል ወይስ አልተመሰገኑም የሚለው ጥያቄ፣ ወደድንም ጠላንም፣ ገንዘብ የሚወጣበት ጥያቄ ሆኗል።

በመጀመሪያ የነቃፊዎቹን ቃል በቅን ልቡና እንመርምር።

አንደኛ፣ «ዝናቸው ከውጭ የመጣ ነው» ይላሉ። ይህ እውነት አለበት። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተባለው የሸክላ ስብስብ አራተኛውን ቅጽ በ1998 ለሙላቱ ሥራዎች ሰጡ። በ2005 ደግሞ አሜሪካዊው ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ለተባለው ፊልማቸው ማጀቢያ አደረጓቸው። ከዚያ ወዲህ ነው የውጭው ዓለም ሙላቱን በስም ያወቀው። ከዚህ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በወሊሶ ያደጉትን ጥላሁን ገሠሠን ከሙላቱ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ጥላሁን በ2009 ሲያርፉ አገር በሙሉ አለቀሰ፤ የፓሪስና የለንደን ሰው ግን ማን እንደ ሞተ አላወቀም። የአንደኛውን ዝና ሕዝቡ በአፉ ሠራው፤ የሁለተኛውን ዝና ባዕድ በገበያው ሠራው።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ሥራው ትንሽ ነው» ማለት ስሕተት ነው። በዚያ ስብስብ ውስጥ ያሉት ዜማዎች የተቀረጹት ከ1969 እስከ 1974 ባለው ጊዜ ነው። የ2005ቱ ፊልም በ«የከርሞ ሰው» ላይ አንዲት ኖታ አልጨመረም፤ አልቀነሰም። የቡና አገር ልጆች ይህን ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባናል። ከኛ በስተ ደቡብ ምዕራብ ከጌሻ የተወሰደው የቡና ዘር በ1930ዎቹ ከአገር ወጥቶ፣ በምሥራቅ አፍሪካና በኮስታ ሪካ በኩል አልፎ ፓናማ ደረሰ፤ በ2004 በፓናማ ውድድር አሸንፎ ዋጋው ሰማይ ነካ። ዛፉ ግን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም ያው ዛፍ ነበር። የተለወጠው የቀማሹ ምላስ ነው። በአንጻሩ ደግሞ በአጋሮና በጎማ የበቀለ ቡና፣ ቀዩም አረንጓዴውም በአንድነት ተለቅሞ በመሬት ላይ ስለሚደርቅ ብቻ «ጅማ» ተብሎ ለብዙ ዘመን በርካሽ ሲሸጥ ኖረ። ገበሬዎቹ በየማኅበራቸው ሆነው ቀዩን እሸት ብቻ ለቅመው ማጠብ ሲጀምሩ፣ የዚያው አካባቢ ቡና ከፍተኛ ዋጋ አገኘ። እንግዲህ ዋጋና ጥራት ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከወዴት ይመጣል?

ሁለተኛ፣ «መሣሪያቸው የኛ አይደለም» ይላሉ። ቫይብራፎን የኛ አይደለም፤ ኮንጋውም የኛ አይደለም። ታዲያ መለከቱና ሳክስፎኑ የማን ነበር? በ1924 ራስ ተፈሪ ያመጧቸው አርባ የአርመን ወጣቶች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነሐስ መሣሪያ ሲነፉ፣ ያ ሁሉ ለአገሩ ጆሮ እንግዳ ነበር። በኋላ ግን በ2016 ያረፉት ጌታቸው መኩሪያ በሳክስፎን ሽለላና ፉከራ ሲያሰሙ፣ መሣሪያው የባዕድ ነው ብሎ ጆሮውን የደፈነ አልነበረም። መሣሪያ እንደ ብዕር ነው። የሚጠየቀው ምን ተጻፈበት ተብሎ ነው።

ሦስተኛው ነቀፋ ግን የበለጠ ክብደት አለው። «የኢትዮ ጃዝ አባት የሚለው ስም የብዙዎችን ሥራ ለአንድ ሰው ሰጥቷል» ይላሉ። ይህንን በከፊል እንቀበላለን። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ኔርሴስ ናልባንዲያን በ1955 በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የኛን ዜማ ለትልቅ ኦርኬስትራ ሲያቀናብሩ፣ ሙላቱ ገና ልጅ ነበሩ። ግርማ በየነም በፒያኖና በቅንብር ሥራቸው የዚያን ዘመን ድምፅ ከሠሩት አንዱ ናቸው። ከሙላቱ ሸክላዎች በአንዳንዶቹ ላይ ያለው ሳክስፎን ራሱ የፈቃደ አምደ መስቀል ነው። አንድ ልጅ ብዙ አሳዳጊ ሊኖረው ሲችል፣ አንዱን ብቻ አባት ብሎ ሌሎቹን ከቤት ማስወጣት ግፍ ነው። ግን ይህን ግፍ የሠራው ማን ነው? ሙላቱ ራሳቸው በየቃለ መጠይቃቸው የደራሼን ሕዝብ እየጠቀሱ፣ የጃዝ ሊቃውንት በኋላ የተጠበቡበትን የድምፅ አሰካክ የደራሼ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በመሣሪያቸው ሲጫወቱት ኖረዋል ሲሉ፣ ምስጋናውን ወደ ባለቤቱ ይመልሳሉ። ግፉ የኛ ነው፤ አንድ ስም ከያዝን ሌላ ስም ለመያዝ የማንደክም የኛ።

የአመስጋኞቹ ክርክር ደግሞ ከዚህ የተሻለ አልነበረም። የተናገሩት ሁሉ ስለ ምስክር ወረቀት ነበር፤ በቦስተን በበርክሊ ተምረዋል፤ ያው ትምህርት ቤት በ2012 የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል፤ በሃርቫርድ ተመራማሪ ሆነው ተጋብዘዋል፤ ዱክ ኤሊንግተን በ1973 ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ አብረው ተጫውተዋል። ሁሉም እውነት ነው። አንዱም ግን ስለ ሙዚቃው የሚነግረን የለም። የምስክር ወረቀት ስንት እንደሚመዝን እኛ ተማሪዎች ካላወቅነው ማን ሊያውቀው ነው? በወረቀቱ የሚያምን ሰው ከነቃፊው የሚለየው በዕድሉ እንጂ በጆሮው አይደለም። አንዱ ባዕድ ስላመሰገነ ያመሰግናል፤ ሌላው ባዕድ ስላመሰገነ ይነቅፋል። ሁለቱም አልሰሙም።

በዚህ አፍረን፣ ከክርክሩ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ስምንት ሆነን በአንድ ክፍል ተሰበሰብን። ከመካከላችን ሁለቱ የግብርና ተማሪዎች ስለ ሆኑ የቡና ቀማሾችን ሥርዓት አመጡልን። ቀማሽ የቡናውን ስም አይጠይቅም። ናሙናው ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ፈላ ውኃ ይፈስበታል፤ በየስኒው ፊት ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ቀማሹም በማንኪያ እየሳበ ቀምሶ ይተፋና የተሰማውን ይጽፋል፤ ስሙ የሚገለጠው ከዚያ በኋላ ነው። እኛም እንዲሁ አደረግን። አንዱ ብቻ እያወቀ ዐሥራ ሁለት ዜማዎችን በቁጥር አጫወተን፤ አምስቱ የሙላቱ፣ ሌሎቹ የዘመነኞቻቸው ነበሩ። ሰባታችን መብራት አደብዝዘን ሰማን፤ ጻፍን።

ውጤቱ ሁለቱንም ወገኖች አሳፈረ። በክርክሩ ላይ ሙላቱን «የፊልም ሙዚቀኛ» ብሎ አዳራሹን ያሳቀው ወንድማችን ከሁሉ አስበልጦ የጻፈው ቁጥር ሰባትን ነበር፤ ቁጥር ሰባት «የግሌ ትዝታ» ሆኖ ተገኘ። ስለ ሙላቱ ጉሮሮው እስኪደርቅ የተሟገተው ደግሞ «ይህስ የላቲን አሜሪካ ዳንስ ነው፤ የኛ አይደለም» ብሎ የጣለው ቁጥር፣ ሙላቱ በ1966 በኒው ዮርክ ካሳተሙት «አፍሮ ላቲን ሶል» የተወሰደ ነበር። ከሰባታችን አምስቱ ደግሞ በየወረቀታችን ላይ «ሳክስፎኑ» ብለን አስምረንበታል፤ ያመሰገንነው ስሙን የማናውቀውን ፈቃደ አምደ መስቀልን ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ከሰማን በኋላ ፍርዳችን ምንድን ነው?

የ1966ቱ ሥራ፣ በኛ አስተያየት፣ የተማሪ ሥራ ነው። የላቲኑ ምት ጎልቶ የኛ ቅኝት ደብዝዟል። ሙላቱ ያን ጊዜ የሃያ ሁለት ዓመት ሰው ነበሩ፤ በዕድሜ እኛን ያህል ማለት ነው። ቤተ ሰባቸው ወደ ዌልስ የላካቸው ኢንጂነር እንዲሆኑ ነበር፤ እርሳቸው ግን ወደ ሙዚቃ ዘወር ብለው በለንደን፣ ከዚያም በቦስተን ተማሩ። ከስድስት ዓመት በኋላ በ1972 የወጣውን «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ»ን፣ በኋላም በ1974 የወጣውን «ኢትዮ ጃዝ»ን ስንሰማ ግን ሌላ ሰው ሰማን።

ምን እንዳደረጉ በአጭሩ እንናገር። ቅኝቶቻችን፣ ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺ ሆዬ፣ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። የጃዝ ስምምነት ደግሞ በዐሥራ ሁለቱ ድምፆች ሁሉ ይመላለሳል። ከአምስቱ ሥር ዐሥራ ሁለቱን እንደ ልብ ካፈሰሱበት ቅኝቱ ወዲያው ይጠፋል፤ ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል። አምስቱን ብቻ ይዘው ከቀሩ ደግሞ ጃዝ የሚባለው የለም። ሙላቱ ዋናውን ዜማ በአምስቱ ድምፅ ለነፊዎቹ ይሰጡና፣ ከሥሩ በቫይብራፎን፣ በፒያኖና በባስ የሚያስገቡትን ባዕድ ድምፅ አንድ በአንድ እየመረጡ ያስቀምጡታል፤ ልክ ወጡ እንዳይጨው እየቀመሰች ጨው እንደምትጨምር ባለሙያ። የሙላቱ ሥራ ይህ ነው፤ ትልቅ ሥራ ነው፤ ከሚገባው በላይ አልተመሰገነም። እንዲያውም በትክክል የሠሩት ነገር ገና አልተመሰገነም፤ የተመሰገነው ስማቸው ነው።

ከዚህ በኋላ አንድ ነገር አስጨነቀን። ያ ሁሉ ክርክር፣ ይሄ ሁሉ መመዘን የሚቻለው ሸክላ ለቀረላቸው ሰዎች ብቻ ነው። ሸክላ ደግሞ በችሎታ ብቻ አልታደለም። ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ሆኖ በኖረበት አገር፣ ዐምሀ እሸቴ የተባሉ ወጣት ነጋዴ በ1969 ደፍረው ባይጀምሩ ኖሮ፣ ከዚያን ዘመን ሙዚቃ ብዙው እስከ ዛሬ ባልደረሰን ነበር። ከ1974 ወዲህ ደግሞ አብዮቱ መጣ፤ የሰዓት እላፊው የማታውን መጫወቻ ሁሉ ለዓመታት ዘጋ፤ ዐምሀም ተሰደዱ። ግርማ በየነ አሜሪካ ሄደው ሙዚቃውን ትተው በነዳጅ ማደያ ሠሩ፤ ተመልሰው ሸክላ ያወጡት በ2017 ነው። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዱ ኖረው፣ በ1985 የሠሩት ካሴት በ2013 ዳግመኛ ሲታተም ዓለም አወቃቸው። በ2000 ላይ ስለነዚህ ሁለት ሰዎች «ከሚገባቸው በላይ ተመስግነዋል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ለመነቀፍ እንኳ መታወቅ ያስፈልጋል።

ከእነርሱ በታች ደግሞ አንድ ጊዜም ያልተቀረጹት አሉ። ስለ አንዲቱ እንናገር። ከኛ የአንዱ አያት፣ ሁላችንም አኮ የምንላቸው፣ አጋሮ አጠገብ ይኖሩ ነበር። በወጣትነታቸው በየሠርጉ የሚጠሩ ዘፋኝ ነበሩ፤ በመጋዘን ቡና ሲለቅሙም ሴቶቹን ሁሉ የሚያስዘፍኑ እርሳቸው ነበሩ። ባለፈው ዓመት በዕረፍት ጊዜ አራት ሆነን ሄደን ሁለት ማታ አጫወቱን። ቡናው እየተቆላ፣ እርሳቸው በኦሮምኛ ይዘፍናሉ፤ የልጅ ልጃቸው ይተረጉምልናል፤ እኛ እንስቃለን፤ እናጨበጭባለን። በየኪሳችን ስልክ ነበረ። አንዳችንም አውጥተን አልቀረጽንም። «ሌላ ጊዜ እንመጣለን» ብለን ተነሣን። በክረምቱ አኮ ዐረፉ። ለልቅሶ ስንሄድ፣ ሴቶቹ ከዘፈኖቻቸው አንዱን ለማስታወስ ሞከሩ። መነሻውን አገኙት፤ መጨረሻውን የሚያውቅ አልተገኘም።

አኮ ከሙላቱ ይበልጡ ነበር ማለታችን አይደለም። ይብለጡ ይነሡ ማንም ሊናገር አይችልም፤ ጥፋቱም እዚህ ላይ ነው። ፍርድ የሚሰጥበት ነገር ራሱ የለም። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» እያልን የምንተርት ሰዎች፣ ሰርዶው በእግራችን ሥር ሲደርቅ አላየነውም።

ስለዚህ ወደ ስብሰባው ጉዳይ እንመለስ። ሁለተኛው የቀረበው ሐሳብ፣ ገንዘቡ ደኅና የድምፅ መቅጃ ተገዝቶበት፣ የተረፈው ለመጓጓዣና ለዘፋኞቹ የድካም ዋጋ እንዲውል ነው። ኦሮምኛ አሳምረው የሚያውቁ አባሎቻችን እየመሩን በየወሩ መጨረሻ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነት፣ ወደ ሰቃና ወደ ጌራ እንሄዳለን። «ስልክ እያለን መቅጃ ለምን?» የሚሉ አሉ። ስልኩ ሲጠፋ ድምፁም አብሮ ስለሚጠፋ ነው። ዘፋኙ ፈቅዶ፣ ስሙና ቀበሌው ተጽፎ፣ ቃሉ በኦሮምኛ ሰፍሮ፣ አንድ ቅጂ ለቤተ ሰቡ አንድ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍት ካልተሰጠ፣ መቅረጽ ማለት ትንሽ ቆይቶ መጥፋት ማለት ነው።

ሥዕሉን የሚደግፉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሙላቱን የምንጠላ እንዳይመስላቸው። ከሰማን በኋላ ከነርሱ ይልቅ እንወዳቸዋለን ብለን እንደፍራለን። ነገር ግን ሥዕሉ ለሙላቱ ምንም አይጨምርላቸውም። በየአህጉሩ የተጫወቱ ሰው በኛ ግድግዳ ላይ ቢውሉ ባይውሉ ስማቸው ያው ነው። ሥዕሉን ያየ ተማሪም አንድ ዜማ ሳይሰማ በኩራት ያልፋል፤ ባለፈው ወር እኛ እንዳደረግነው። በመላው ዕድሜያቸው የአገር ቤት ዜማን ሲመረምሩ የኖሩ ሰው የሚከበሩት፣ በተወለዱበት አገር ያለውን ዜማ ፈልጎ በማዳመጥ ነው።

አባቶች «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላሉ። ከጠቅላላው ስብሰባ በፊት ባሉት ሁለት ሐሙሶች፣ ከእራት በኋላ፣ ዐሥራ ሁለቱን ዜማዎች በቁጥር ብቻ ደግመን እናጫውታለን። ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ኑ። ነቃፊም አመስጋኝም ይምጣ፤ እጁን ከማውጣቱ በፊት ግን ይስማ።